ከእማማ ድንጋይ ላይ የተፋቀው ስም

ይድረስ ለእህቴ ለስፓስካ

እህት ዓለሜ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ተቀጥረሽ የምትጦሪያትን አሮጊት ዛሬም ብቻሽን እያነሳሽ ነው የምታጥቢያት ወይስ ልጆቿ አዘኑልሽ? ባለቤትሽ ራዶይ ደህና ነው? ልጅሽ ራሊሳስ? ጣሊያን አገር ብርዱ እንደኛ አይከፋም ይላሉ፤ እውነት ከሆነ እሰየው። እኛ እንደ ጊዜው አለን። ባሌን ዶንቾን ሳሉ አልለቀው ብሎ ትራስ ተደግፎ ያድራል እንጂ ሌላውስ ተመስገን ነው። ከዳኑብ የሚነሳው ጭጋግ መንደሩን ከዋጠው ሰነበተ፤ በቀትር መብራት እናበራለን።

የአባባን ሞት በስልክ ስነግርሽ የት እንደቀበርናቸው ጠየቅሽኝ፤ እኔም "መቃብር ቦታው ውስጥ ነዋ" ብዬ ዘጋሁት። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጆሮ መሀል ልነግርሽ አልቻልኩም። አሁን ደግሞ የአክስታችን ልጅ ፔንካ ደውላ አባባ የእማማን የመቃብር ድንጋይ አበላሹት ብላ አስለቅሳሻለች አሉ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው፤ ከሥሩ ልንገርሽ።

ነገሩ የጀመረው በፍየል ነው። እማማ በሞተች በሁለተኛው ዓመት የአባባ ፍየል ታች ሰፈር ካለችው ባሏ የሞተባት ቬሊካ ጓሮ ገብታ ጥቅል ጎመኗን አወደመችው። አባባ እንደ ልማዳቸው ዱላቸውን ይዘው፣ ጥፋተኛዋ እሷ የሆነች ይመስል እየጮኹ ሄዱ። ቬሊካ ከተቀመጠችበት እንኳ ሳትነሳ "አንተ ማኖል፣ ደንቆሮ አይደለሁም፣ ቀስ ብለህ አውራ። ደግሞ ፍየልህን ያዛት፣ ይኸው ገና እየበላች ነው" አለቻቸው። እማማ አንድም ቀን "አንተ" ብላቸው አታውቅም፤ እኛም ብንሆን እስከ ዛሬ "እርስዎ" ነን። አባባ ፍየሏን እየጎተቱ ተመለሱ። በማግስቱ የራሳቸውን ጎመን በጋሪ ጭነው ወሰዱላት።

ክረምቱ ሲገባ ጠቅልለው እሷ ቤት ገቡ። መጠጥ ቤት የሚውሉት ሥራ ፈቶች "ማኖል በስተርጅና ጥርስ አበቀለ!" "ምን ጥርስ ትላለህ፣ ያቺ ባልቴት አረቄው ውስጥ መስተፋቅር ጨምራበት ነው" እያሉ ተሳለቁባቸው። የቬሊካ ልጅ አሴን ደግሞ መንገድ ላይ አስቁሞኝ "አባትሽን ሰብስቢ፤ የእናቴን ስም አጠፋው" አለኝ።

ልመልሳቸው ብዬ ሄድኩ። አባባ ሽርጥ አገልድመው ቃሪያ ይጠብሳሉ። ቀና ብለው "ኔቭያና፣ እርቦሻል እንዴ?" አሉኝ። እህቴ፣ ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የእማማን አንጓ የሰበሩባትን ቀን መቼም አትረሺውም፤ የበቆሎ ጎተራው ውስጥ ተደብቀን እንዳልጮኽ አፌን በመዳፍሽ ይዘሽኝ ነበር። ያው እጅ ቃሪያ በሰሃን አድርጎ አቀረበልኝ። ሳልቀምስ ወጣሁ።

ከዚያ ቬሊካ ታመመች። ክፉው በሽታ ሆዷ ውስጥ ነበር፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤቷ መለሷት። አሴን በር ላይ ብቅ እያለ ይመለሳል እንጂ አይቀመጥም። ያጠቧት፣ ያገላበጧት፣ በማንኪያ ያጎረሷት አባባ ናቸው። ሕመሙ ሲነሳባት "አንተ እጀ ድንጋይ፣ ገደልከኝ እኮ!" ብላ ትሰድባቸዋለች፤ እሳቸው እየሳቁ ትራሷን ያስተካክላሉ። አንድ ቀን እግሯን ሲያጥቡላት በበሩ በኩል አየኋቸው፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየለዩ፣ ጨቅላ የሚያጥቡ ይመስላሉ። ከቤቱ ጀርባ ዞሬ አለቀስኩ። ለቬሊካ አዝኜ አይደለም። ዕድሜ ልኬን "ተፈጥሯቸው ነው፣ ደግነት አልተሰጣቸውም" እያልኩ ነበር የምጽናናው። ለካስ ተሰጥቷቸው ኖሯል። ለእማማ ነው የነፈጓት።

ቬሊካን ብቻዋን ሳገኛት ጠየቅኋት፤ "ምን አይተሽ ወደድሻቸው? እናቴን ምን እንዳደረጓት አታውቂም?" አልኳት።

"አገር ያወቀውን እኔ ላላውቅ?" አለችኝ። "ሟቹ ባሌ ወርቅ የሆነ ሰው ነበር። ግን ከብቶቹን እንጂ እኔን ሰምቶኝ አያውቅም። ይሄ ክፉ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ያዳምጠኛል። ልጄ፣ ሰው የሚወደደው ስለሚገባው አይደለም። እንዲያማ ቢሆን እናትሽ..." አልጨረሰችውም፤ ሕመሙ ያዛት።

በረዶው ሲቀልጥ ሞተች። አሴን ከአባቱ ጎን ቀበራት። አባባ ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ሲሉ ደረታቸውን ገፍቶ "አንተ ዞር በል፤ ያንተ ሚስት እዚያ ማዶ ናት" አላቸው፣ በሰው ፊት። ድሮ ቢሆን ደም ይፈስ ነበር። አባባ ቆባቸውን አጥልቀው ሄዱ።

በወይን ለቀማ ሰሞን ዶንቾ ቁና ቁና እየተነፈሰ መጥቶ "አባትሽ መቃብር ቦታ ድንጋይ እየጠረቡ ነው" አለኝ። መቼም ታውቂያለሽ፣ እማማ ስትሞት እንደ አገራችን ልማድ የአባባንም ስም ከስሟ ጎን አስቀርጸን የሚሞቱበትን ዓመት ብቻ ባዶ ትተን ነበር። ስደርስ ተንበርክከው በመሮ የራሳቸውን ስም ይፍቃሉ።

"ከቬሊካ ጎን ሊቀበሩ አምሮዎት ነው?" አልኳቸው።

"እዚያማ አሴን ቆሞ እያየ አያስቀብረኝም" አሉ። "እዚህም ግን አትቅበሩኝ። እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የተኛችው። አሁን እንኳ እንደ ልቧ ትገላበጥ።"

"ለምን አልወደዷትም?"

መሮውን አስቀመጡ። "አባቶቻችን ለወይን እርሻ ድንበር ብለው አጋቡን። በመጀመሪያው ቀን ጮኽኩባት፣ ተንቀጠቀጠች፤ ወንድ የሆንኩ መሰለኝ። ኋላ ኋላ ስትንቀጠቀጥ ማየት አስጠላኝ፤ ባስጠላኝ ቁጥር መታኋት። ያቺኛዋ አልፈራችኝም። ሌላ ምን ልበልሽ?"

"እማማስ ምን ማድረግ ነበረባት?"

"ምንም" አሉ። "እሷ ምን ታድርግ?"

ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም ይቅር አላልኩም። እጃቸው ዝሎ መሮው መሳት ሲጀምር፣ የእማማን ስም እንዳይነካባት ብዬ መሮውንና መዶሻውን ተቀበልኳቸውና የቀሩትን ፊደሎች እኔ ፋቅኋቸው። እንግዲህ ለፔንካ ስትደውዪ ኔቭያናም አለችበት በያት።

ብዙም አልቆዩ፤ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። የቀበርናቸው ከመቃብር ቦታው አጥር ሥር ነው፤ ወንዙ የሚተፋቸው ባለቤት የሌላቸው ሬሳዎች ከሚቀበሩበት ዘንድ። ይዘንብ ስለነበር ቄሱ ቸኮለ። ዶንቾ የእንጨት መስቀል ሠራላቸው። ለሙታን መታሰቢያ ቅዳሜ ለእማማ ሻማ አበራለሁ፤ ወደ አጥሩ ግን እግሬ ይሂድ አይሂድ እኔም አላውቅም።

ራሊሳ አንድ ልጅ ወድዳ "ምኑን አይታ ነው?" እያልሽ ስትብሰለሰዪ እንደከረምሽ ራዶይ ነግሮኛል። እህቴ፣ እኔ አንዲት ባልቴትና አንድ ሽማግሌ ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ይኸው የጻፍኩልሽ ነው፤ የሚጠቅምሽ አይመስለኝም። ምኑን የሚለውን ተዪው። ልጁ በር ከፍቶ ሲገባ ራሊሳን ልብ ብለሽ እያት። የጀመረችውን ወሬ ካቋረጠች፣ ድምፅዋን ዝቅ ካደረገች፣ ሻንጣዋን ራስሽ አሰናድተሽ ወደ እኔ ስደጂልኝ። ወሬዋን ከቀጠለች ግን ዝም ብለሽ መርቂያት።

ራዶይን ሰላም በይልኝ፤ ዶንቾ አንድ ብርጭቆ አረቄ አብረን እስክንጠጣ አልሞትም ብሎሃል በይው። ራሊሳን ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ። አሮጊትሽንም ቋንቋዬ ባይገባት እጇን ያዝ አድርገሽ እግዜር ያቅልልሽ በያትልኝ። አንቺን ግን በአካል አግኝቼ እስክስምሽ ዓይኔ ይጠብቅሻል።

ታናሽሽ ኔቭያና
ዶልና ክሩሻ፣ ኦክቶበር 28 ቀን 2011