የይርገዱ በር

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 1978 ዓ.ም.

ልጄ ሞላ፣ ክፉ ነገር ደጃፍህን አይርገጠው። እኔ ደህና ነኝ፤ ገብሱም ዘንድሮ ይዟል።

ጎረቤታችን ይርገዱ ልጆቿን በረሃብ ቀብራ ወደ ሰፈራ ስትሄድ የቤቷን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ ነበር። አሁን ቸኮል ነጋዴው ከባዶ ቤቶች በርና መስኮት እየነቀለ ደሴ ይሸጣል። የእሷን የዋንዛ በር ቀድሜ አስነቀልሁና ለቤታችን አስገጠምሁት።

«እትዬ፣ ባለቤት የሌለው በር ማንን ይጠብቃል?» አለኝ ቸኮል።

«ባለቤቱን» አልሁት።

ማለዳ ማለዳ ቁልፍ ሲዞርበት እሰማለሁ። ማጠፊያውን ዘይት ቀባሁ፣ መቃኑን አስተካከልሁ፤ ድምፁ አልቀረም። ስከፍት ማንም የለም።

ከሰፈራ የተመለሱ ሰዎች ይርገዱ ሞታለች ይላሉ። ቢሆንም በሩ ላይ የሚገጠም አዲስ ቁልፍ እልካለሁ ያልኸውን ተወው፤ እሷ ስትመጣ የራሷ ቁልፍ እምቢ እንዳይላት።

ያንኳኳኸው ሁሉ ይከፈትልህ።

እናትህ ወርቄ