ከአራቱ አንዱ

ሰኔ 29
ጠዋት ልጄን ጸደንያን ለፈተና ወደ ሞጣ ሸኘኋት። ምስር ለቀምኩ። ልብስ አጠብኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚኒባሱ ሾፌር ፋንታ ደጄ ቆመ። ሸሚዙ ደም ነው።
"እትዬ... ሞጣ ልንገባ ስንል አስቆሙን። ፊታቸውን ተሸፍነዋል። ስልኳን አልሰጥም አለች።"
ደረቷን ነው የመቷት። አሥራ ስምንት ዓመቷ።

ሰኔ 30
ቀበርናት። ፊቴን ነጨሁት። ለቅሶው ላይ ምን አልኩ? "ደም መላሽ የለሽም ወይ? ወንድ አልወለድኩም ወይ?" አልኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ ወንድሟን ዘመነን አየው። እኔም አየሁት... አውቄ።

ሐምሌ 6
ቦርሳዋን መለሱልኝ። የደብተሯ ገጾች በደም ተጣብቀዋል። በቢላ ለያየኋቸው። የፈተና ዘዴ ጽፋለች።
"ቀላሉን አስቀድሚ። ከባዱ ላይ አትድረቂ፣ እለፊውና ተመለሺ። ከአራቱ ምርጫ የማይሆኑትን ሁለቱን ሰርዢ። ከቀሩት ገምቺ። ባዶ አትተዪ።"
ይህን ስታጠና እኔ ሽንኩርት ላጪ እላት ነበር።

ሐምሌ 9
ሰው ገዳይዋ ነው እያለ አራት ስም ያነሳል። ዘመነ በእሷ ደብተር ላይ ደረደራቸው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሁለቱን ሰረዘ። አንዱ ያን ቀን አማኑኤል ገበያ ታይቷል፣ ሌላው እስር ቤት ነበር።
"ልክ እሷ እንዳለችው ነው፣ እማ።"
ዝም ማለት እችል ነበር። "ከሁለቱስ?" አልኩት።
"ሐ ይመስለኛል።"
ሐ እዮብ ነው፤ ሞጣ ጭነት የሚያወርድ ልጅ። የሟች ባሌን ጠመንጃ ከጎታው ጀርባ ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ሐምሌ 11
ሞጣ መናኸሪያ። ሦስት ጥይት። አንዱ አንገቱን። እዮብ "ምን አደረግኩህ?" ብሎ ነበር አሉ። "እህቴን ጠይቃት" አለው ዘመነ። እዚያው ያዙት።
ስሰማ እልል አልኩ። አዎ፣ እልል አልኩ።

ሐምሌ 14
ሳብሪያ ከሞጣ መጣች። ባለሱቋ፤ ጸደንያ ለፈተናው እሷ ቤት ልታርፍ ነበር።
"እትዬ፣ እዮብን ለምን?"
"ልጄን ስለገደለ!"
"ያን ቀን እኔ ሱቅ ሲሚንቶ ሲያወርድ ነው የዋለው። ምሳ ያበላሁት እኔ ነኝ። ወላሂ!"
"ውሸታም! ለገዳይ ትመሰክሪያለሽ?"
በጥፊ አጮልኳት። አልመለሰችልኝም። የወደቀ ነጠላዬን አንስታ አለበሰችኝ፣ ከዚያ አብራኝ አለቀሰች። ያኔ አመንኳት።

ሐምሌ 20
እስር ቤት ሄጄ ሳብሪያ ያለችውን ለዘመነ ነገርኩት። ግንባሩን ከፍርግርጉ ጋር አጋጨው። ደሙ አፍንጫው ላይ ወረደ።
"እንግዲያ መ ነው" አለኝ።
አሁንም ይመርጣል! ማን አስተማረው? እሷ ለወረቀት ነው የጻፈችው። ሰው ላይ ያዋልነው እኛ ነን።
"ባዶ ተወው ልጄ" አልኩት። "እባክህ ባዶ ተወው።"
ፊቱን አዞረብኝ።

ነሐሴ 8
አርባዋ ነው። አባ ወልደ ኪዳን የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። ወለተ ማርያም።
"ሌላ የምታሳስቢው ሰው አለ?"
"እዮብ" አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ።
"የክርስትና ስሙስ?"
አላውቅም። የምታውቀው እናቱ ናት። በምን አፌ ልጠይቃት?
ከእኔ በኋላ ይህን ደብተር የምታገኙ... ወለተ ማርያምን በጸሎታችሁ አስቧት። እሱንም አስቡት። ስሙን ካጣችሁት፣ የወለተ ማርያም እናት ያስገደለችው በሉ። እግዜር ያውቀዋል።