የቅዳሴ ክኒን

ይድረስ ለአስካለ አባት፤

እንዴት ሰነበቱ እንዳልል ያሉበትን አላውቅም፤ እንዳልተወውም ደብዳቤ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብለው ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት። ከተለያየን ሙት ዓመትዎ አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ፊደል ያስቆጠሩኝ ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ እጄ አሁንም ይዘገያል፤ ይታገሡኝ።

ቤቱ ደህና ነው። ያፈስ የነበረውን ጣራ የአስካለ ባል በአዲስ ቆርቆሮ ቀየረው። ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ አልነካውም። ጥቁሯ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ተራጋጭ ናት። ከጓሮ ደግሞ ሽንት ቤት ተቆፍሯል፤ ከመኝታ ቤቱ በር ሩቅ አይደለም። አንቱ በዝናብ በጭቃው እስከ ቁልቋሉ ድረስ ሲመላለሱ ኖረው፣ ሽንት ቤቱ አንቱ ከሄዱ በኋላ መጣ። በገባሁበት ቁጥር ይህን እያሰብኩ እናደዳለሁ።

የምጽፍልዎም ስለዚሁ ነገር ነው። ደስ እንደማይልዎ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት።

ነገሩ ሲጀምርዎ ከአጥሩ ሥር ቆመው ሲቆዩብኝ ከጎረቤት ጋር ወሬ የያዙ እየመሰለኝ እጠራዎ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ሽንቱ ይመጣብዎታል፤ ሲሄዱለት እምቢ ይላል፤ ጠብ ጠብ ብሎ ያቆማል፤ ተመልሰው ሳይቀመጡ ደግሞ ይጠራዎታል። እርጅና ነው አሉኝ። እርጅናስ ይሁን፤ የአንቱ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ምእመኑ ቢቸግረው ከቅጥሩ ወጣ ብሎ ይመለሳል፤ ቅዳሴ የገባ ካህን ግን ሳይጨርስ አይወጣም። ተረኛ የሚሆኑበት ሳምንት ሲቃረብ ውሃ መጠጣት ይተዉ ነበር። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ያመጣሁልዎትን ጠበል እንኳ ከንፈርዎን አርጥበው መልሰው ከደኑት። ቄስ ጠበል ፈራ ብዬ ብናገር ማን ያምነኛል?

ከዚያ ያ ጉንፋን መጣ። ሙጃ ገበያ በዋሉበት ቀን የጉንፋን ክኒን ገዝተው ገቡ። አፍንጫዎ ደረቀ፤ ሌሊቱንም ተኝተው አደሩ። ከሁሉ ያስገረመዎ ግን በማግሥቱ ቅዳሴው እስኪያልቅ ሽንት አለመምጣቱ ነው። ቤት ሲገቡ ፊትዎ በርቶ ነበር፤ እመቤታችን ሰማችኝ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጉንፋን ኖረም አልኖረም፣ ተራዎ ሲደርስ በዋዜማው ክኒኗን ይውጣሉ። አብረዎት ለሚቀድሱት ለአብሮ አደግዎ ለቄስ ካሳም ነገሯቸው፤ እሳቸውም ያው ችግር ነበረባቸው። ሁለታችሁ ስም አወጣችሁላት፤ የቅዳሴ ክኒን አላችኋት። እኔም ያረፉ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሽንትዎ ለካ ውስጥ ለውስጥ ነበር የሚከማቸው። ይህን ያወቅነው በጥር ማርያም፣ ሆድዎ ከእምብርትዎ በታች ተነፍቶ፣ ላብ አጥምቆዎት፣ በቃሬዛ ወደ ላሊበላ ስንወስድዎ ነው። ሐኪም ቤት በቱቦ ሲያወጡልዎ ያን ሁሉ ሽንት አይቼ አፌን ያዝኩ። ሐኪሟ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብትልዎ፣ የለም አሉ። አልዋሹም። ለአንቱ መድኃኒት ማለት ሐኪም ያዘዘው ነው፤ ከጨውና ከሻማ ጋር ከሱቅ የሚሸመት ክኒን ከመድኃኒት አይቆጠርም። ክኒኗን ከካባዎ ኪስ አውጥቼ ያሳየሁ እኔ ነኝ። ታመውም ቢሆን እንዴት እንደገላመጡኝ!

ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ ግን ቁጭ ብላ አስረዳችን። ፕሮስቴት የሚባል እጢ ከፊኛው በታች የሽንቱን ቧንቧ ከቦ ይኖራል፤ ወንድ ሲሸመግል እያደገ መንገዱን ያጠበዋል። አፍንጫ ከሚያደርቁት የጉንፋን ክኒኖች አንዳንዶቹ ደግሞ ፊኛው ተጨምቆ ሽንቱን እንዳያስወጣ ያደርጉታል፤ መውጫውንም ያጠብቁታል። ወጣት ቢውጣቸው ምንም ላይሆን ይችላል፤ መንገዱ ቀድሞ የጠበበበት ሽማግሌ ላይ ግን ጭራሽ ሊዘጉበት ይችላሉ። በአንቱ ላይ ተከማችቶ የቆየው ሽንት ወደ ኋላ እየገፋ ኩላሊትዎን ጎድቶት ነበር። ደሴ ድረስ ሄድን፤ ግን ዘግይተን ነበር።

ቱቦውን ከጋቢዎ ሥር ደብቀው በተቀመጡባቸው በእነዚያ ወራት አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ያዙኝ፤ ለማንም እንዳልናገር። ለጠየቀሽ ሁሉ ኩላሊት ነው በይ፣ ሌላ ብትናገሪ ግዝት ነው ብለው ገዘቱኝ። ሚስት ባሏን እሺ ትላለች፤ የቄስ ሚስት ደግሞ ግዝት ትፈራለች። ለጠያቂው ሁሉ ኩላሊት ነው አልኩ። በልቅሶዎም ላይ ኩላሊት ነው አልኩ፤ ሐሰት ስላልሆነ አፌ ላይ አልከበደኝም። ቄስ ካሳን ሳላስብ፣ ክኒኗም ከአንቱ ጋር የተቀበረች መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ወር የማርያም ማኅበር የኔ ተራ ነበር። ቄስ ካሳ መጥተው ዳቦውን ባረኩ፤ ሰውም በላ ጠጣ። ሊነሡ ሲሉ ከኪሳቸው ክኒን አወጡ። ነገ ተረኛ ነኝ አሉ፤ ይህቺን ያስተማረኝ ነፍሱን ይማረውና የዚህ ቤት ጌታ ነው ብለው በተሰበሰበው ሰው ፊት አንቱን አመሰገኑ። ከዚያ ሊውጧት ጠላቸውን አነሡ።

እጃቸውን ያዝኩት። የቄስ እጅ፣ በማኅበር መካከል። ጠላው ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። አይዋጧት፣ የጓደኛዎ መከራ የጀመረው በዚህች ነው አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ አፌን የሚይዘው አልተገኘም፤ አጥሩን፣ ቱቦውን፣ ከጋቢው ሥር የነበረውን ሁሉ ተናገርኩ። ሽንት የሚለውን ቃል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮክ ብዬ ስጠራ ጆሮዬ ጋለ። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ቄስ ካሳ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ሳይሰናበቱኝ ወጡ። አንቱንም እሳቸውንም አዋርጄ የቀረሁ መሰለኝ።

አንድ ሽማግሌ ግን ክኒኗ ቀለሟ ምን ዓይነት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቀለሟን አትይ፣ የምትውጠውን ሁሉ ይዘህ ሂድና ለሐኪም አሳይ አልኩት። ሌላው ደግሞ እኔማ ከአጥሩ ሥር ቆሜ ነው የሚመሽብኝ አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያን ቀን ነው ያየሁት፣ ስንቱ ሽማግሌ ለየብቻው ሲጨነቅ እንደኖረ።

ቄስ ካሳ በማግሥቱ ተራቸውን ለሌላ ካህን ሰጥተው ወደ ላሊበላ ወረዱ። ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ በፌስታል ይዘው ነው የሄዱት። የደም ግፊታቸው ክኒንም እዚያው ነበር፤ ሽንት ያመላልሰኛል ብለው በተራቸው ሳምንት ይተዉት ኖሯል። ሐኪሟ የሚዋጥበትን ሰዓት አስተካከለችላቸውና በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡት አጥብቃ ነገረቻቸው። ከሸኑ በኋላም ፊኛቸው ውስጥ የሚቀር ሽንት ተገኝቷል፤ ኩላሊታቸው ግን ገና አልተነካም። ለእጢው መድኃኒት ጀመሩ። የጉንፋኗን ክኒን እዚያው ጥለዋት መጡ።

ይኸው ግዝትዎን አፈረስኩ። ሰሞኑን እንቅልፍ አልነበረኝም፤ የሞተ ሰው ግዝት ማን ይፈታዋል እያልኩ። ባለፈው እሑድ ቄስ ካሳ ቀድሰው ሲወጡ በቀጥታ ወደኛ ቤት መጡ። መስቀላቸውን ከካባቸው አውጥተው ከግዝቱ ፈቱኝ። እሱም ቢኖር ይፈታሽ ነበር አሉኝ። እኔ እንጃ፤ የአንቱን ግትርነት ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። መስቀላቸውን ስሳለም ደስ አለኝ፤ ቄስ ካሳ በሕይወት ቆመዋልና። እሳቸውን ሸኝቼ በሩን ስዘጋ ግን ለምን አንቱም አልዳኑም ብዬ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ለአንቱም አንድ ሰው ቀድሞ አፉን ከፍቶ ቢሆን ኖሮ!

አልረሳዎትም። ስምዎ በቅዳሴ ይነሣል፤ ይህን ቄስ ካሳ ይዘውታል። የኔ ድርሻ ሌላ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ምን ክኒን ወሰድክ፣ ሽንትህስ ደህና ይወርዳል ወይ እለዋለሁ። ምን አገባሽ ሲለኝ ስምዎን ጠርቼ የደረሰብዎትን እነግረዋለሁ። ቅር ካሰኘዎ ስንገናኝ ይቆጡኝ፤ ቁጣዎም ናፍቆኛል።