አብረን የሳቅንበት ድራማ

ልጄ፣ ሰላምህ ይብዛ፤ የሄድክበት ይቅናህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል።

የላክህልንን አስቂኝ ድራማ ተሰብስበን አየነው። እብዱ ኮቱን ገልብጦ ለብሶ ከመብራት ምሰሶ ጋር ሲጨቃጨቅ በሳቅ ፍርስ አልን። ወንድምህም አብሮን ሳቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እማ፣ ያኔ ስታመም እኔም እንዲህ ነበርኩ?» አለኝ። «ኧረ ወዲያ!» አልኩት፤ የሳቄ እንባ ግን ገና ጉንጬ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን ትቷል፤ ልብስ ስፌት ቤቱም አይሄድም። አሠሪው መጥቶ በር ላይ ቆሞ፣ «ምነው ሙሽራው፣ ጠፋህ?» ቢለው፣ «ኮቴን ገልብጬ እስክለብስ ነው» አለው። ማናችንም አልሳቅንም።

እባክህ ልጄ፣ ስትደውል እሱን አቅርቡልኝ በል። ሕመሙን አታንሳበት። «ሱሪ ረዝሞብኛል፣ እንዴት ላሳጥረው?» ብለህ ብቻ ጠይቀው። ክፉ አይንካህ፤ ያሰብከው ይሙላልህ።