ዳገቱ ላይ ለምን እንደ ቆመች

ሐይቅ
ሚያዝያ 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለሙዘይን፤

አሰላሙ አለይኩም። ጾሙ እንዴት ይዞሃል? የጅዳ ሙቀት ከሥራው ጋር እንደሚከብድህ አውቃለሁና ስሑር ሳትበላ አትደር። እናታችን ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። ልጅህ ሪታጅም አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ሰው ሲያነሳት ጢም ትጎትታለች፤ የእኔን ሪዝ ልትጨርሰው ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ሙጂባ ናት። እባክህ ለብቻህ ሆነህ አንብበው። ስልክ እያለ ምን አስጻፈው እንደምትል አይጠፋኝም። በስልክ ሳወራህ እናታችን አጠገቤ ትቀመጣለች፣ አንተም ቶሎ ሆድ ይብስሃል፣ ያን ጊዜ መዋሸት ይቀለኛል።

ባለፈው ጁምዓ ጮህክብኝ። «ልጄን ውሰድና አሳድግልኝ ስልህ እንቢ የምትል አንተ ምን ዓይነት ወንድም ነህ?» አልክ። አርጅቻለሁ ያልኩህ ውሸት ነው። በአምሳ ስድስት ዓመቴ ዛሬም የጭነት መኪና ጎማ ብቻዬን አነሳለሁ። ኑርሀያትም ልጅ አይሰለቻትም፤ እንዲያውም እንቢ ካልኩ ወዲህ ባለቤቴ በቅጡ አታናግረኝም። እንቢ ያልኩበትን ምክንያት ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም።

ታጣቂዎቹ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከተማውን ሲይዙ ፒክአፕህን ከግቢ እንደወሰዱብን ነግሬሃለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ራሳቸው ጋራዤ ይዘዋት እንደመጡ ግን አልነገርኩህም። ስትመጣ ጩኸቷ ከአስፋልቱ ይሰማ ነበር። ሹፌራቸው ከነመሣሪያው ወረደና «አስተካክላት፣ ነገ እንፈልጋታለን» አለኝ።

አንተ መንዳት እንጂ ከኮፈኑ ሥር ያለውን አታውቅምና ላስረዳህ። የምትጮኸው ቺንጋዋ ነበር፤ ሞተሩ ሲዞር ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን አብሮ የሚያዞረው ጥቁር ጎማ። አርጅቶ ተሰነጣጥቋል፣ ላልቷልም። መለወጡ ቀላል ነው። የዲናሞውን ብሎን ታላላለህ፣ አሮጌውን አውጥተህ አዲሱን ታጠልቃለህ፣ ከዚያ ዲናሞውን ወደ ውጭ ገፋ አድርገህ ታስረዋለህ። ቁም ነገሩ ልኩ ላይ ነው። በአውራ ጣትህ ስትጫነው አንድ ጣት ያህል መርገብ አለበት። ከላላ ይጮሃል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ አይጮህም፣ ባለመኪናውም ጎበዝ መካኒክ ብሎህ ይሄዳል፤ ግን ፓምፑ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ይጨርሰዋል፤ ያን ጊዜ ውሃው አይዞርም፣ ሞተሩ ፈልቶ ይቆማል።

ፓምፑን በእጄ ወዘወዝኩት። ኩሽኔታው ቀድሞውንም ላልቷል፣ ከሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል። እንዲህ ያለ ፓምፕ ሳልለውጥ መኪና አውጥቼ አላውቅም፤ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ባለመኪና ቢሰድበኝም አላወጣም። ያን ዕለት ግን ፓምፑን እንዳለ ተውኩት። ብረት ዘንግ ከዲናሞው ጀርባ ሰክቼ ባለ በሌለ ጉልበቴ ገፋሁትና ብሎኑን አጠበቅኩት። ቺንጋውን በጣቴ ስጫነው ንቅንቅ አላለም። ሞተሩ ሲነሳ ጩኸቱ የለም። ሹፌሩ «በርታ፣ አባባ!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ለምን ብትለኝ፣ በዚያች መኪና ወደ ውጫሌ ሰው ጭነው ይመላለሱ ነበር። ተጭነው ከሄዱት ያልተመለሱ አሉ፤ የእንጨት ሠሪው የከበደ ልጅ አንዱ ነው። የወንድሜ ላብ ለዚህ ከሚውል ዳገት ላይ ትሙትባቸው አልኩ። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት አንገቴን ደፍቼ እሺ ጌታዬ ስል ከርሜ ያን ቀን ወንድ የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ ፍርሃት ያዘኝ። መኪናዋ ከቆመች መጀመሪያ የሚመጡት እኔ ጋ ነው። ለኑርሀያት እንኳ ትንፍሽ አላልኩም፤ ከአንድ አፍ ከወጣ ገበያ ይደርሳል ብዬ። ሥራ አለኝ ብያት ወጣሁና ዓሣ አጥማጁ ዝናው እስጢፋኖስ ገዳም ወስዶ ሸሸገኝ። መነኮሳቱ ከስሜ ሌላ አልጠየቁኝም። የምሰግድበትን ጥግም ራሳቸው ጠርገው ሰጡኝ። አሥራ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ዝናው እየሮጠ መጣ። «ሱሩር፣ ተነስ! ወጥተውልናል! የወንድምህ መኪናም ተገኝታለች!»

«የት?»

«ሐይቁ ዳር። ነዳጅ አልቆባቸው ገና ድሮ ነው አሉ ጥለዋት የሄዱት። የሰፈራችን ልጅ አራጋው ከየትም ብሎ ነዳጅ አምጥቶ አስነሳት። ወላሂ፣ ድምፅ የላትም፣ እንደ አዲስ ሆናለች!»

ደስ እንዲለኝ ነው የነገረኝ። በባዶ እግሬ ሮጥኩ። ቤት ስደርስ ኑርሀያት በር ላይ ቆማለች። ሚስትህን ራህመትን ከሌሊት ጀምሮ ምጥ ይዟት፣ እዚህ የሚያዋልድ ሐኪም ስላልነበረ፣ አራጋውና እናታችን በመኪናህ ወደ ደሴ ይዘዋት ወጥተዋል። ገና አንድ ሰዓት አልሆናቸውም።

የሰው ሞተር ሳይክል ለምኜ ተከተልኳቸው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ደረስኩባቸው። ኮፈኑ ተከፍቶ እንፋሎቱ ይንቦለቦላል፣ አራጋው ራሱን ይዞ ቆሟል። ራህመት ከኋላ ፍራሽ ላይ ተኝታለች። ልጅቷ ተወልዳለች፣ ደሙ ግን አልቆመም። እናታችን ነጠላዋን ጨርሳ የራህመትን ሻሽ ይዛ ነበር። ራህመት አየችኝ። ሰማሁት በጆሮዬ፣ ለእናታችን እንዲህ አለቻት፦ «አብሽሪ እማ፣ ጋሼ ሱሩር መጣልን። አሁን ትነሳለች።»

ሞተሩን አየሁት። ኩሽኔታው ተበልቶ ቺንጋው የሚጠመጠምበት ፑሌጃ ተጣሟል፣ ቺንጋው ተቃጥሏል። በእጄ የሠራሁትን በዓይኔ አየሁት። አራጋው «ጋሼ፣ ምን ሆና ነው? ድምፅ እንኳ አላሰማችም» ሲለኝ፣ «አርጅታለች» አልኩት። የሚያልፍ መኪና አልነበረም፤ የዚያን ሰሞን መንገዱ እንዴት እንደነበር ሰምተሃል። ራህመት ሰዓት ሳይሞላ አረፈች። እስከዚያ ድረስ ልጅቷን በጃኬቴ ጠቅልዬ ይዣት ቆሜ ነበር፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ሰው ይህን ሰምቶ ልጅቷን ያዳናት ሱሩር ነው አለ። አንተም ጅዳ ላሉት ሁሉ እንዲያ ብለህ ትናገራለህ አሉ። መስጊድ ስገባ ሽማግሌዎች ቦታ ይለቁልኛል። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው እያሉ ያጽናኑኛል። ቀደር መሆኑን አምናለሁ፤ ብረቱን የገፋው ግን እጄ ነው። ሳልነግርህ ልጅህን ተቀብዬ አባባ እንድትለኝ አልፈልግም። ለዚህ ነው እንቢ ያልኩህ።

ሙዘይን፣ ይቅር በለኝ ብዬ አላስቸግርህም። እሱን ስትችል ትለዋለህ፣ ካልቻልክም አትችልም። አሁንም አሳድጋት ካልከኝ አሳድጋታለሁ፤ አድጋ እናቴ እንዴት ሞተች ካለችኝ ግን አልዋሻትም። ዓይኔን እንዳታይ ካልክም እናታችን ጋ ትቆይ፣ እኔ ከግቢው እርቃለሁ። ለእናታችን ግን አትንገራት። ያን ቀን ያየችው ይበቃታል። መኪናህ ጓሮ ቆማለች፤ አልነካኋትም።

አላህ ጤናህን አያጉድልብህ፣ ከሰው አገር ክፉ ይሰውርህ፣ ለልጅህ ያብቃህ። ይህን ዱዓ ከእኔ ባትፈልገውም ዱዓው የአንተ ነው።

ጁምዓ ስትደውል እናታችን እንደ ልማዷ አውርታህ ስታበቃ ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች። ብትዘጋብኝ አልቀየምህም። እሷ እንዳትጠረጥር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ እሺ፣ አሚን፣ እኛም ደህና ነን እያልኩ ትንሽ እቆያለሁ።

ወንድምህ ሱሩር