የየሻረግን ማድቤት ስላጠበው የሚፋጅ ውሃ

ለክቡር የመተማ የንጽሕና ሹም፣

ብዕሩን የያዘው የባለሱቁ የኸሊል እጅ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የአዛናው ፈረደ ነው። ፊደል አልቆጠርሁምና ያልሁትን እንዳያለዝብብኝ በቁርአኑ አስምዬዋለሁ። ቅዳሜም ገበያ መካከል ቆሞ ለሕዝቡ ያነበዋል።

እንደምን ሰንብተዋል? የቆላው ወባና ትንኝ ክቡርነትዎን ሳይደፍር፣ ነጭ ልብስዎንም አቧራ ሳይነካው ይህች ደብዳቤ ትድረስዎ። እኛ፣ ምስጋና ይግባዎና፣ ንጹሖች ነን። ከንጽሕናችን ብዛት የተነሣ ማድቤታችን ሊወድቅ ነው።

አንደኛ፤ ባለፈው ሳምንት አሽከሮችዎ ጣሳ ተሸክመው ገብተው የባለቤቴን የየሻረግን ማድቤት ዓይን በሚያቃጥል ውሃ ስላጠቡልን እናመሰግናለን። የወፍጮው መደብ በእበትና በአመድ የተለሰነ ነበር። እበት ቆሻሻ መሆኑን እርስዎ ከባሕር ማዶ መጥተው አውቀዋል፤ እኛ እዚሁ ተወልደን አርጅተን ምስጥ የሚከለክል ይመስለን ነበር። ልስኑ እንደ ቁስል ቅርፊት ተላጠ፤ ምስጡም ከሥር ወጥቶ መደቡን አልፎ ምሰሶውን ያዘው። የዘር ማሽላችን የተሰቀለው ከዚያው ምሰሶ ላይ ነው። የሚበላን ምስጥ እበት ያልነካው ንጹሕ ምስጥ በመሆኑ ግን ተጽናንተናል።

ሁለተኛ፤ የወፍጮው ድንጋይ ውሃዎን ጠጥቶ ዱቄቱ ሁሉ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ጎረቤታችን መስቱራ ቀምሳ «አያ አዛናው፣ ይህ እንጀራ ነው ወይስ የሆድ ትል ማስወጫ?» ብላኛለች። ከእንግዲህ ኮሶ መጠጣት ስለቀረልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።

ሦስተኛ፤ አሽከርዎ «መደቡን በውሃው እሺው» ብሏት በባዶ እጇ ስላሸችው የየሻረግ ጣቶች ተልጠዋል። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

አራተኛ፤ እበት መልሶ የለሰነ ይታሰራል ብለው አውጀዋል። ዝናቡ ሊገባ ነው፤ ሳይለሰን ከከረመ ምሰሶው ይወድቃል፣ ዘሩም ይበላል፤ ዘር ያጣ ገበሬ ደግሞ አገር ጥሎ ይሄዳልና ለክቡርነትዎ የሚታጠብ ማድቤት አይተርፍም። እዚህ ላይ ኸሊል ብዕሩን አቁሞ «አያ፣ እባክዎ ይፍቀዱልን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። አትጻፍ አልሁት። ፈቃድ አልጠይቅም፤ ማስታወቄ ነው። ሐሙስ እለስናለሁ። ሊያስሩኝ ሲመጡ በማለዳ ይምጡ፤ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ለክቡርነትዎ አይመችም።

በክቡርነትዎ ጥላ ሥር ተጠልሎ ከራሱ ጣራ ሥር ሊወጣ የተቃረበው፣ በአውራ ጣቱ ያተመው
አዛናው ፈረደ

ማስታወሻ፦ ምግብ አብሳይዎ ትናንት መጥታ ከየሻረግ አመድ ለምና ወስዳለች። በዚያው ውሃ የታጠበው የእርስዎ የማድቤት ጠረጴዛ ቀለሙ ተልጦ፣ ሽታውም አልለቅ ብሎ አስቸግሯታል። አመዱን ሰጥተናታል፤ እበቱን ራስዎ ያፈላልጉ።

በል ኸሊል፣ አሁን አንብብልኝ። ድምፅህንም ከፍ አድርገው፤ የሻረግ ጓሮ ሆና የሐሙሱን እበት በእግሯ እያቦካች ነው፣ እሷም ትስማ።