የጊታርህ ሁለት ማግኔቶች

ካስዬ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደ ደብዳቤ ወግ ጤናህን ልጠይቅ ብዬ ብዕር ባነሳ እጄ እምቢ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ። አባትህ፣ አባባ መሪጌታም፣ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ቢደክምም ከማኅሌት አልቀሩም። የስፌት መኪናዬን ከጓዳው አውጥቼ በሩ አጠገብ አድርጌዋለሁ፤ በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እንዲታየኝ ነው። ለልቅሶህ ማን እንዳልመጣ አንድ በአንድ አውቃለሁ። ሲያልፉ ቀና ብዬ አያቸዋለሁ፤ አንገታቸውን የሚደፉት እነሱ ናቸው።

አዎ፣ ቂመኛ ሆኛለሁ። አንተ እያለህ ምላሴ እንጂ ልቤ ክፉ እንዳልሆነ ለሰው ሁሉ ትነግርልኝ ነበር። አሁን ልቤም ከፍቷል፤ ካሁኑ እወቀው።

ያቺን ቀን እንደገና ላንሳት። የአውራጃው የኪነት ቡድን ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ሜዳው ላይ ተሰልፏል። አንተ ከአስመራ ይዘኸው የመጣኸውን ቀይ ጊታር አንግተሃል። ጊታሩ ከዋዜማው ልምምድ በኋላ ያደረው በቡድኑ ዕቃ ቤት ነው፤ ቁልፉ ደግሞ የኪነቱ ኃላፊ ጓድ በላቸው እጅ ነበር። እሱም የቡድኑን ጊታር ይጫወታል፣ ይጫወታል ከተባለ። ክሩን መታህ፤ ዝም። ገመዱን ነቅለህ ሰካህ፤ ዝም። «ተበላሽቷል» አልክ። በላቸው ማይኩን ተቀብሎህ «መሣሪያ በበዓል ቀን አይበላሽም፤ ይህ አሻጥር ነው» አለ። ከመድረክ እንደወረድክ ወሰዱህ። ከዚያ ግንባር ላኩህ፣ በስምንተኛው ወር፣ ግንቦት ላይ፣ መርዶህ መጣ። መርዶው ቤታችን ደረሰ እንጂ ሰው አልደረሰም። የአሻጥረኛ ልቅሶ ማን ደፍሮ ይቀመጣል? እኔና አባትህ ፊት ለፊት ተቀምጠን ብቻችንን አለቀስን።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ሳይልኩህ በፊት በላቸው ግቢ ሄጄ ነበር። አንዲት ቃል እንዲመሰክርልህ እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ለመሣሪያው ተጠያቂው የያዘው ሰው ነው» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ሚስቱ ዘነቡ ከጀርባው ቆማ ታየኝ ነበር።

ጊታርህን ቀበሌዎች መልሰውልኝ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ አቧራ ለበሰ። በዚህ ክረምት መግቢያ ግን አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። ብልሽቱ ምን እንደነበር ማንም ከፍቶ አላየም። የእውነት ተበላሽቶ ከነበረ አንተ አሻጥረኛ አይደለህም። ስለዚህ በብርድ ልብስ ጠቅልዬው ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል በጭነት መኪና ስንገላታ ውዬ፣ ደሴ ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ወሰድኩት።

ጋሽ ሰይድ ክሮቹን አላልቶ ከሥራቸው ያሉትን ሁለቱን ማግኔቶች አወጣ። እሱ ፒክአፕ ነው የሚላቸው፤ የክሩን ድምፅ የሚይዙት እነሱ ናቸው አለኝ። «ወላሂ እታለም፣ የውስጡ ሽቦ ተበጥሷል፤ ውሃ ጠጥቷል፤ በዚህማ ጅብሪልም ቢመታው አይጮህ» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ማግኔቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ልሙጥ ነው። በተጋባን ሰሞን በሁለቱም ላይ በመርፌዬ ጫፍ የጫርኳት የስምህ መነሻ «ካ» የለችም። ሁለተኛውንም ገለበጥኩ፤ እሱም ልሙጥ ነው። ዕቃህን ሰው እንዳይቀይርብህ ብዬ ስጭር «ደግሞ ማግኔት ማን ይሰርቃል?» ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ይኸው፣ የሚሰርቅ አለ።

ያን ጊዜ ነው የቡድኑ ጊታር ትዝ ያለኝ። በዓሉ ሊደርስ ሲል ከደጎሎ ስትመለሱ በላቸው ጊታሩን መኪናው ጣሪያ ላይ አስጭኖት ዝናብ እንደመታው አንተው ነግረኸኛል። በመንግሥት ንብረት እንዳይጠየቅ ሙቶቹን ማግኔቶች ላንተ ሰጠህ፣ ያንተን ለራሱ ወሰደ።

ጋሽ ሰይድ ይህ ሁሉ አልገባውም። «አብሽሪ፣ መለዋወጫ ሞልቷል» ብሎ ሦስት ዓይነት ጨርቅ ላይ ደረደረልኝ፤ ተራ በተራ እያገናኘም መታልኝ። አንዱ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ ክራር ክራር ይላል፤ ለአምባሰል ይሆናል። ሁለተኛው ካፖርት ደርቦ የመጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ አለው። ሦስተኛው ምንም ረብሻ የለውም፤ ምርጡ እሱ እንደሆነ ማለልኝ። እኔ ግን የማውቀው ያንተን ነው። ያንተ ወፍራሙ ክር ላይ ትንሽ ይነጫነጫል፤ ስትለቀውም ቶሎ አይጠፋም። እኔ ጨርቅ ስቀድ አንተ ከሬዲዮናችን ጋር አገናኝተህ አጠገቤ ስትለማመድ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ደግሞም ካንተ በኋላ ሰምቼዋለሁ፤ በየሰልፉ፣ ከበላቸው ጊታር። በሰማሁት ቁጥር ቀና ብዬ አንተን እፈልግ ነበር፤ ናፍቆት ነው ብዬ ተውኩት። ለካ ጆሮዬ አውቆታል።

«እኔ የምመርጠው መካነ ሰላም ነው ያለው» አልኩት ለጋሽ ሰይድ። ግራ ገብቶት አየኝ። ሙቶቹን ማግኔቶች በመሐረቤ ቋጠርኩ፤ እንዴት እንደሚነቀሉና በእርሳስ እንደሚበየዱ አሳየኝ፤ ተመለስኩ።

የቀረው ትዕግሥት ነበር። የቡድኑን ልብስ ዛሬም የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰፊ ስለሌላቸው እንጂ ወደውኝ አይደለም። በዘመን መለወጫ ዕለት፣ የመጨረሻው ልምምድ እንዳበቃ፣ በላቸው ራሱ ጊታሩን ይዞልኝ መጣ። ለነገው በዓል ቀይ የከፋይ ማኅደር እንድሰፋለት ነው። «ልኩን በደንብ ውሰጂ» አለኝ። ወሰድኩለት።

ጎረቤቱ ሁሉ በዓሉን ሲበላ በሬን ዘጋሁ። በከሰል ካውያዬ ፍም ውስጥ ሚስማር አግዬ እርሳሱን አቀለጥኩት። ማግኔቱን ገልብጬ «ካ»ን ሳያት አፌን በከፋዩ አፍኜ አለቀስኩ። ከዚያ ዓይኔን ጠርጌ ሙቶቹን ለእሱ፣ ያንተን ላንተ መለስኩ። አሻጥር ነው? አዎ፣ ይኸኛው አሻጥር ነው። ጊታሩን ያደረስኩለት አስቀድሞ እንዳይሞክረው ብዬ በማግስቱ ጧት፣ ሰልፉ ከተደረደረ በኋላ ነው።

እኔ ከሴቶች ማኅበር ጋር ከፊት ተቀመጥኩ። ላንተም ጊታር በተረፈው ከፋይ ማኅደር ሰፍቼለት ጉልበቴ ላይ ይዤዋለሁ። በላቸው ወጣ። ክሩን መታ፤ ዝም። ገመዱን ነቅሎ ሰካ፤ ዝም። «ተበላሽቷል» አለ። ካስዬ፣ ቃሉ እንኳ ያንተው ነበር። የአውራጃው አስተዳዳሪ ከወንበራቸው ሳይነሱ «መሣሪያ በበዓል ቀን አይበላሽም ያልከን አንተ አይደለህም?» አሉት። ያን ጊዜ የማኅደሬን አፍ ፈትቼ ቀዩን ጊታር እስከ ደረቱ ገለጥኩት። አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። ማይኩ ላይ «እሷ ናት! የካሳሁንን ማግኔት ከጊታሬ አውጥታብኛለች!» ብሎ ጮኸ።

ማይኩ ደህና ነበር፤ ሜዳው ሁሉ ሰማ። ከሕዝቡ መሀል አባባ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። በዚያ በምታውቀው ድምፃቸው «የልጄ ማግኔት አንተ ጊታር ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁት።

እኔን ሦስት ቀን መረመሩኝ። ጊታርህን ጠረጴዛቸው ላይ ከፍቼ «ካ»ን አሳየኋቸው፤ ለቀቁኝ። ቤቴ ስደርስ ሰው ግቢውን ሞልቶት አገኘሁ። ለቅሶ መምጣታቸው ነው፣ ሁለት ዓመት አሳልፈው። አባባ ይቅር አሏቸው። እኔ መቀመጫ ሰጠኋቸው፤ ሌላ ምንም አልሰጠኋቸውም።

በላቸውን ግንባር ሊልኩት ነው። ትናንት ዘነቡ መጣች። «የተበደልሽው አንቺ ነሽና ይቅር ማለትሽን ለጽሕፈት ቤቱ ከጻፍሽ ያስቀሩታል» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። የቀሚሷ አንገት ላይ ያለው ጥለት እኔ የሰፋሁት ነበር። «ለመሣሪያው ተጠያቂው የያዘው ሰው ነው» አልኳትና በሩን ዘጋሁት። እግሯ ሲርቅ የሰማሁት ብዙ ቆይቶ ነው።

አንተ ብትሆን ከወደቀችበት አንስተህ ታስገባት ነበር፤ ወረቀቱንም ትጽፍላት ነበር። አውቃለሁ። ያንተን ዓይነቱን ሰው ግን ወስደውታል፤ የተዉት እኔን ነው።

ጊታርህን ማንም አይጫወትበትም። በየመስከረሙ፣ በዚያች ቀን፣ ከሬዲዮናችን ጋር አገናኝቼ ወፍራሙን ክር አንድ ጊዜ እመታዋለሁ። ያ ንጭንጭ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አዳምጣለሁ። አልረሳህም። እሱንም አልረሳውም።

ባለቤትህ አስካለ